ለገብሱ የተደረገው ለበጉ ለምን ቀረ?

ከመንዝ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በክልልና በዞን ደረጃ ለምትገኙ የልማት ዕቅድ፣ የኢንዱስትሪና የግብርና ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የበግ ጠጉርና የቆዳ ሥራ ከትኩረት ዘርፎች ውጭ ስለመደረጉ

ክቡራን ሆይ፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር የምንኖር በግ አርቢዎች፣ ጠጉር ፈታዮችና ሸማኔዎች ነን። ማኅበራችን ለበግ ጠጉር ማጠቢያና መፍተያ የሚሆን አንድ ሼድ እንዲሰጠው፣ ለመሣሪያ መግዣም ብድር እንዲመቻችለት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ የተሰጠን መልስ ከሁለት መስመር አይበልጥም። የጠየቅነው ሥራ በትኩረት ዘርፎች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም፤ ከፈለግን በባህላዊ ዕደ ጥበብ በኩል በባዛር እንድንሳተፍ ይመቻችልናል ይላል። ደብዳቤው ለማኅበርተኛው ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት “ባዛሩ በዓመት ስንት ቀን ነው?” ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ሰው አልተገኘም።

ቅሬታችን የአንድ ሼድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተለመደው የአቤቱታ መንገድ እንጨርሰው ነበር። በአደባባይ እንድንጽፍ ያስገደደን ሌላ ነገር ነው። በዚሁ በዞናችን ውስጥ የተለያዩ ዘርፎች በተለያየ መንገድ ሲመሩ ዓመታት አሳልፈናል። አንዱ ሲነሣ፣ ሌላው ሲወድቅ፣ ሦስተኛው ባለበት ሲረግጥ በዓይናችን አይተናል። ካየነው የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ ዘርና ሕክምና፣ መለኪያ፣ ዋጋና ገዢ ተያይዘው እስከ መንደር የወረዱለት ዘርፍ ተለውጧል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ግን ስሙ በየዕቅዱ ቢጻፍም አልተለወጠም። እናንተ ግን ዘርፎችን የምታወዳድሩት በዚህ አይመስለንም።

በመጀመሪያ ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንናገር። የመንዝ በግ በቁመቱ አነስ ያለ፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ ጠንካራ፣ ብርድ የሚችል በግ ነው። በደጋችን ገብሱ በውርጭ ሲመታ፣ በልጉም ሲቀር፣ የልጅ ደብተርና የቤት ጨው የሚገዛው በእርሱ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ተነድፎ ይፈተላል፤ ከዚያም ሸማኔ እጅ ገብቶ የሚደረብ ባና፣ ዝተት፣ ባርኖስ ወይም ምንጣፍ ይሆናል። ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ነው። መሬት ለሌላት ሴት፣ ባሏ ለሞተባት ሴት፣ በተለይም ለአሮጊት፣ እንዝርቷ ከእጇ የማይወሰድ ብቸኛ መተዳደሪያዋ ነው።

እስቲ አንዲት አባላችን ደጃፍ አብራችሁን ቁሙ። ጠዋት ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ይታያል። ሴትዮዋ ጉልበታቸው ላይ ጆንያ አንጥፈው ከጠጉሩ ውስጥ ኮሸሽላና ገለባ አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅማሉ። ለቅመው ሲጨርሱ ወንዝ ወርደው ያጥቡታል። ውሃው እጅ ይቆርጣል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ጠጉሩ አይጠራም፤ ምክንያቱም የበጉ ወዝ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ወዙ ያልለቀቀው ጠጉር ለመንደፍ ያስቸግራል፣ ክሩ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ ይወጣል፣ ምንጣፉም ሽታ ይይዛል፣ ብል ይወደዋል። ባለፈው ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የላክናቸው ምንጣፎች ከሱቅ የተመለሱብን በንድፋቸው አልነበረም፤ ደንበኛው ሽታውን አልወደደውም። ሙያው ከእኛ ዘንድ አለ። የጎደለን ሙቅ ውሃ የሚያፈላ፣ ውሃውንም የሚያጣራ ማጠቢያ ነው። ማመልከቻችን የጠየቀው ዋና ነገርም ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ገብሱ እንምጣ፤ ከሁሉ አብልጠን ልናስተያይ የምንወደው እርሱን ነውና።

ገብስ በሸዋ ደጋ ከጥንት የነበረ እህል ነው። ቆሎው፣ ጠላው፣ በሶው፣ እንጀራው ከእርሱ ነበር። ገበሬው ግን በገብሱ ገንዘብ አያገኝም ነበር። ሐበሻ ቢራ ደብረ ብርሃን ላይ ሲተከል፣ ዳሽንም ሁለተኛ ፋብሪካውን በዚያው ሲያቆም፣ ኋላም ቦርትማልት በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የብቅል ፋብሪካ ሲከፍት ነገሩ ተለወጠ። ለምን ተለወጠ? ፋብሪካው በመሠራቱ ብቻ አልነበረም። ሀገሪቱ ብቅል ከውጭ እያስገባች ብዙ የውጭ ምንዛሪ ታወጣ ስለነበር ጠማቂዎቹ ከሀገር ውስጥ ለመግዛት ተገደዱ። ለመግዛት ሲመጡ ደግሞ ያገኙት ገብስ እንዳለ አልሠራላቸውም። ለብቅል የሚሆን ገብስ መብቀል አለበት፤ ከመቶው ፍሬ ከዘጠና አምስት የማያንስ ካልበቀለ ብቅሉ አይሰምርም። ፕሮቲኑ ከበዛ የሚገኘው ምርት ያንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል። ስለዚህ ጠማቂው ገበሬውን ከሩቅ ሊተወው አልቻለም። ዘር ይዞ መጣ፤ እንደ ሆልከርና ትራቭለር ያሉ ዝርያዎች ስማቸው በገበሬው አፍ ገባ። በዩኒየን፣ ማለትም በገበሬ ማኅበራት ኅብረት፣ በኩል ዘሩና ማዳበሪያው በዱቤ ተሰጠ፣ ውል ተጻፈ፣ ጥራት ላለው ገብስ ከገበያው የተሻለ ዋጋ ታሰበ።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ የገብሱን ርክክብ ቀን አንድ ጊዜ ቆሜ ተመልክቼዋለሁ። በመጋዘኑ ደጃፍ አንድ ወጣት እርጥበት መለኪያ ይዞ ከየጆንያው ጥቂት ፍሬ ያወጣል፣ ወንፊት ላይ ያንገዋልላል፣ ቁጥሩን ለባለቤቱ ያሳያል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገብሳቸው እርጥበቱ ስለበዛ ተመለሰባቸው። አልተቆጡም። ፀሐይ ላይ አስጥተው በሦስተኛው ቀን ይዘውት መጡና ተቀበሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በአእምሮዬ የቀረው የሽማግሌው መረጋጋት ነው። ምን እንደጎደላቸው ተነግሯቸዋል፣ ሲያሟሉም የሚቀበላቸው እንዳለ ያውቃሉ። ለበግ ጠጉር እንዲህ ያለ መለኪያ በመንዝ ምድር ማንም አስቀምጦ አያውቅም። ንጹሑም ቆሻሻውም፣ ረጅሙም አጭሩም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ታዲያ አጥቦና ለይቶ የሚሸጠው ሰው ድካሙን ማን ይከፍለዋል?

ገብሱ ያለ እንከን ሄደ አንልም። የገበያው ዋጋ በናረ ዓመት ውሉን ጥሎ ለነጋዴ የሸጠ ገበሬ አለ፤ ክፍያ ያዘገየ ገዢም አለ። አርሶ አደሩ እህሉን ለቢራ አሳልፎ ሰጥቶ ለቤቱ ዱቄት ሲሸምት ያየ ሰው በዚህ ቢያዝን አንፈርድበትም። ነገር ግን ችግሩ ሲነሣ የሚጠየቅ አካል ነበረ፤ ውል ነበረ፣ ዩኒየን ነበረ። በ2015 ዓ.ም. የግብርና ምርት ውል አዋጅ መውጣቱም ይህንኑ መንገድ በሕግ አጽንቶታል። አዋጁ የግብርና ምርት ሁሉ እንጂ የገብስ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

የቆዳው ነገር ግን ልባችንን ያቆስለናል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። መንግሥት ይህን አይቶ ጥሬ ቆዳ እየሸጥን እስከ መቼ እንኖራለን አለ። አሳቡ ትክክል ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በጥሬና በከፊል በተሰናዳ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ተጣለ፤ ቆየት ብሎም ከዚያ የተሻለ ደረጃ ላይ የደረሰው ቆዳ ተጨመረበት። ዓላማው ፋብሪካዎቹ ቆዳውን አለስልሰው፣ ጫማና ጓንት አድርገው እንዲሸጡት ማስገደድ ነበር። ሕጉ ግን ከላይ ብቻ ወረደ። ፋብሪካው ኬሚካል የሚያስገባበት የውጭ ምንዛሪ አጣ፣ የሥራ ማስኬጃ አጠረው፤ ወደ ውጭ የሚሸጠው ተከለከለ፣ ወደ ውስጥ የሚገዛውም አቅም አነሰው። በመጨረሻ የዋጋው መውደቅ የተቆለለው በአርቢው ላይ ሆነ።

ዛሬ በየከተማውና በየገጠሩ በፋሲካ ማግስት ምን እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ቀድሞ ከበጉ ዋጋ ጥቂቱን ይመልስ የነበረው ቆዳ ዛሬ አጥር ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ወይ ውሻ ይጎትተዋል፣ ወይ ጉድጓድ ይማስለታል። ባለፈው ፋሲካ ከጎረቤቶቼ ግቢ የሰበሰብናቸውን ቆዳዎች ጨው አስነክተን ገበያ ብንወስዳቸው ሰብሳቢው ሳይፈታቸው በእግሩ ገፋ አድርጎ “እከክ አለው፣ መልሱት” አለን። እከክ ያለው ቆዳ መሆኑንም በዓይኑ አላየም፤ የመንዝ በግ መሆኑን ሲሰማ በቃው።

ስለ እከኩ ግን አንካድም። በሽታው ከበግ ቅማልና መሰል ተባዮች የሚመጣ ነው። በጉ በሕይወት ሳለ ከጠጉሩ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ቆዳው ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲነሣ ነጠብጣቡ ይታያል፣ ያ ቆዳም ዋጋ አያወጣም። መድኃኒቱም የሚታወቅ ነው፤ በጎቹን በወቅቱ በመድኃኒት ውሃ መንከር ወይም መርጨት። ለአንድ ሰው ብቻውን አይሠራም፤ የእኔን ብነክር የጎረቤቴ በግ በግጦሽ ላይ መልሶ ያስይዝብኛል። መንደሩ በሙሉ በአንድ ወቅት መንከር አለበት። ለገብስ ዘር በጆንያ እስከ ቀበሌ ሲገባ፣ ለእከክ መድኃኒት ግን ከእንስሳት ሐኪሙ ደጅ ጠይቀን አልቋል የተባልንባቸው ጊዜያት ይበልጣሉ። አንዱ ዘርፍ ገዢው ራሱ ጥራት ይዞ መንደር ድረስ ወረደለት፤ ሌላው ዘርፍ ቀረጥ ብቻ ወረደበት። ቆዳው ወደቀ ብላችሁ ከትኩረት ዝርዝራችሁ ስታወጡት፣ የወደቀው በእኛ ስንፍና ይመስል በአርቢው ላይ ሁለተኛ ቅጣት ጣላችሁበት።

ሦስተኛው መንገድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የደብረ ብርሃን ፓርክ በተስፋ የተቀበልነው እኛም ነን፤ ልጆቻችንን ልከናል። የአንዲት አባላችን ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ቀኑን ሙሉ የምትሰፋው ኪስ ነበር፤ የሱሪ ኪስ ብቻ። ጨርቁ ከውጭ ይመጣል፣ ክሩ ከውጭ ይመጣል፣ ቁልፉም ከውጭ ይመጣል፤ ከዚህ ሀገር የተጨመረው የእርሷ ጣትና የሀገሪቱ መብራት ነው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ምግብና ኪራይ ከፍላ ወር ሳይሞላ እጇ ባዶ ይቀር ነበር። በስምንተኛው ወር ወደ እናቷ ተመለሰች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ እርሷ በሠራችባቸው ወራት ግን ከለላ የሚሆናት ወለል አልነበረም።

የዚህን መንገድ ሌላ ድክመት ደግሞ ሀገሪቱ በሙሉ አይታዋለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የተመሠረተው ሸቀጡ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው በአጎዋ ላይ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ስንት ሺህ እጅ ሥራ እንደፈታ ታውቃላችሁ። ከዋናዎቹ ባለሀብቶች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ቀኑ ሳይደርስ አስቀድሞ ወጣ። ይህ የፖለቲካ ውሳኔ ነበር፤ ፓርኩን የገነባ ሰው ጥፋት ነው አንልም። ነገር ግን ጥሬ ዕቃው ከባሕር ማዶ፣ ገዢውም ከባሕር ማዶ የሆነ ሥራ በአንድ ሌሊት ፊርማ ሊቆም እንደሚችል ከዚያ ተምረናል። የእኛ የበግ ጠጉር ከጀርባችን ካለው ተራራ ነው የሚወርደው። ብርድ ልብስ የሚፈልገው ሰውም ከጋራው ወዲህና ወዲያ ይኖራል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስትታወቅ የኖረች ከተማ አይደለችምን?

በሀገር ደረጃ ሲታይ አበባውና ሲሚንቶው የሚያስተምሩት ብዙ ነው። አበባ በሀገራችን ባህል ለሽያጭ የሚዘራ ነገር አልነበረም። በ1990ዎቹ ግን ለባለሀብቱ መሬት ተመቻቸለት፣ ከልማት ባንክ የረጅም ጊዜ ብድር ተፈቀደለት፣ የአየር መንገዱ ጭነት ተስተካከለለት፤ አምራቾቹ ማኅበር መሥርተው ችግራቸውን በየጊዜው ከመንግሥት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲነጋገሩ ቆዩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ትልቋ አበባ ላኪ ሆነች። ዛሬ በግብርና ታሪካችን ለሺህ ዓመት የኖረው በግ ያላገኘውን ጠረጴዛ ትናንት የመጣው አበባ አገኘው። ሲሚንቶውም ቢሆን በቂ ምክንያት አለው። ጥሬ ዕቃው ከባድ ስለሆነ ፋብሪካው ድንጋዩ ባለበት መተከል አለበት፣ ገዢውም የሀገር ውስጥ ግንበኛ ነው። በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ የተተከለው ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ የዚህ ማስረጃ ነው። እኛም የምንለው ተመሳሳይ ነው፤ ጠጉሩ ባለበት ማጠቢያው ይተከል።

ቆላውን ብናይ የቀወትና የኤፍራታ ግድም ማሾ በምርት ገበያው መስመር ገብቶ ዋጋው ግልጽ ሆኖለታል። የምንጃር ጤፍም ስሙ ዋጋ ያወጣለታል። በእነዚህ ላይ ብዙ አንልም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይናገሩ።

ስለ ጓሳ ግን ዝም ማለት አንችልም። አባቶቻችን የመንዝን የጋራ ሣር ምድር ጓሳን ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋ ነበር፣ መቼ እንደሚከፈት በጋራ ይወሰን ነበር፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ በጋራ መጠበቅ ሲጀምር ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ሣሩም ቀረልን፤ እንግዳ የሚያርፍበት ቤትም ተሠራ። ይህን ያደረገው በዕቅድ ዝርዝር ላይ ያልነበረ የመንዝ ሕዝብ ነው። የጋራ ነገር መምራት አትችሉም ለሚለን ሰው መልሳችን ጓሳ ነው። በበጎቻችንም ቢሆን የመንዝ አርቢዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ምርጥ አውራ በጎችን በጋራ እየመረጡ የማራባት ሥራ ከጀመሩ ቆይተዋል።

አንድ ጉዳይ ቀርቶናል፤ የብድሩ ጉዳይ። ወደ ባንክ ስንሄድ የተጠየቅነው በከተማ ያለ ቤት ወይም የቦታ ካርታ ነው። ከማኅበራችን አባላት አንዱም ካርታ የለውም። ያለን በግ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ ከብትና ሰብል ሁሉ ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ በር ከፍቷል። ይህንኑ ለብድር ሠራተኛው ስንነግረው ሕጉን እንደሚያውቀው፣ ቅርንጫፉ ግን በዚህ መንገድ ሰጥቶ እንደማያውቅ ነገረን። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር። በጉ ቢሞትስ፣ ቢሸጥስ፣ ማን ይጠየቃል አለን። ስለ መድንና ስለ ጆሮ ምልክት የሚያውቅ አንድ ባለሙያ አብሮን ቢኖር ኖሮ ንግግራችን እዚያ አያልቅም ነበር።

በአካባቢያችን ያለው የጸጥታ ችግር ብዙ ነገር እንዳሰናከለ እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ፣ ገበያ ሲፈርስ፣ የሞተብን ሰው ስንቀብር እኛም በመካከሉ ነን። ይሁን እንጂ የማመልከቻችን መልስ የጸጥታን ነገር አላነሣም፤ ከዝርዝር ውጭ መሆናችንን ብቻ ነው የጠቀሰው። ስለዚህ ሰላም ሲሰፍን ይታያል የሚል መልስ ብቻ እንዳይሰጠን እንለምናለን። ዝርዝር ለማስተካከል መንገድ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም።

ከዚህ በላይ በዘረዘርነው መሠረት የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የበግ ጠጉር ከትኩረት ዘርፎች ውጭ የተደረገበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲብራራልን፣ ውሳኔውም ጠጉርን፣ ቆዳን፣ ሥጋንና የእንስሳት ጤናን እንደ አንድ ሥራ አይቶ እንደገና እንዲመረመር እንጠይቃለን። ለየብቻቸው የሚመሩት ቢሮዎች እናንተ ናችሁ፤ በጉ ግን አንድ ነው።

በመንዝ ጌራ፣ በመንዝ ማማ፣ በመንዝ ላሎና በመንዝ ቀያ ወረዳዎች ለሚገኙ አርቢዎች የሚያገለግል አንድ የሙቅ ውሃ ጠጉር ማጠቢያ፣ ቆሻሻ ውሃውን ከሚያጣራ ጉድጓድ ጋር፣ እንዲሠራ እንጠይቃለን። ቦታውን ማኅበራችን ያቀርባል፣ ጉልበትም እናዋጣለን። ከማጠቢያው ጋር የጠጉር ደረጃ መለያ እንዲወጣና ለደረጃው የተለያየ ዋጋ እንዲከፈል የምርምር ተቋማት ያግዙን።

የእከክ መድኃኒት በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በመንደር ደረጃ በዘመቻ እንዲሰጥ፤ ወቅቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚነክርበት ሆኖ ከአርቢዎች ጋር ተመክሮ እንዲወሰን። በፋሲካ፣ በገናና በአረፋ በዓላት ሰሞን ደግሞ ጨውና ሰብሳቢ በየቀበሌው እንዲመደብ።

የመንግሥት ተቋማት፣ ሆስፒታሎችና ማረሚያ ቤቶች ለሚገዙት ብርድ ልብስ ከፊሉ ድርሻ በውል ለሀገር ውስጥ የጠጉር ሥራ ማኅበራት ይሰጥ። በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የሚያድሩ ተፈናቃዮች ከብርዱ ጋር እየታገሉ፣ ባና የሚሸምኑ እጆች ከጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው ሁልጊዜ ያሳዝነናል። ለገብሱ ቢራ ጠማቂው ገዢ እንደሆነለት ለጠጉሩም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገዢ የሚሆን አካል ያስፈልጋል። ዋጋና ጥራት ካላሟላን ውሉን አቋርጡት።

ብድርን በተመለከተ በአዋጅ 1147 መሠረት በጎችን ዋስትና አድርጎ የሚሠራ አንድ የሙከራ ውል ከአንድ ባንክና ከአንድ መድን ሰጪ ጋር እንድታመቻቹልን፤ የጆሮ ምልክቱንና የሞት ምዝገባውን ሥራ ማኅበራችን ይወስዳል።

በመጨረሻም በዓመት ሁለት ጊዜ የዞኑ የግብርና፣ የኢንዱስትሪና የንግድ ኃላፊዎች ከአርቢ፣ ከፈታይና ከሸማኔ ተወካዮች ጋር የሚቀመጡበት ጉባኤ ይኑረን፤ ቃለ ጉባኤውም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። የመጀመሪያውን በመሃል ሜዳ ከተማ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን። የምናቀርብላችሁ የገብስ ቆሎና ጠላ አለን፣ የምትደርቡት ባናም አናጣም፤ ካባ ይዛችሁ እንዳትቸገሩ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የማኅበሩ አባላት በሰጡት ውክልና
በመንዝ የበግ አርቢዎች፣ የጠጉር ፈታዮችና የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ
ሰሜን ሸዋ